ከቆጣሪው ወዲህ ያለው ውሃ የማን ነው?

ውሃ ሲጠፋ ሁላችንም ጣታችንን የምንቀስረው ወደ አንድ ቦታ ነው፤ ወደ ውሃ አገልግሎት። ፌስቡክ ላይ እንለጥፋለን፣ ቴሌግራም ላይ «እናንተ ሰፈር መጣ እንዴ?» እንባባላለን፣ ጀሪካን ደርድረን እንጠብቃለን። ቅሬታው ትክክል ነው፤ እኔም እጋራዋለሁ። ግን አንድ ነገር እንተማመን። የአገልግሎት ሰጪው ኃላፊነት የሚያበቃው ቆጣሪው ላይ ነው። ከቆጣሪው ወዲህ፣ ማለትም ከግቢው በር እስከ ኩሽና፣ እስከ ሻወርና ሽንት ቤት ድረስ ያለው መስመር የባለቤቱ ነው። እዚያ ውስጥ የሚያፈሰውን፣ የሚዝገውንና የሚደፈነውን ማንም መጥቶ አያይልንም።

ዛሬ ማውራት የፈለግኩት ስለዚያች ጥቂት ሜትር ነው።

የምንኖረው ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ውስጥ ነው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው፣ 74 ቢሊዮን ሜትር ኪዩብ ውሃ መያዝ የሚችለው የሕዳሴ ግድብ ያለው በክልላችን፣ ጉባ ላይ ነው። አሶሳና አካባቢዋ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ያገኛሉ። እንዲህ ባለ አገር ተቀምጠን፣ በስንት ወረፋ ያገኘነውን ውሃ በአንዲት ትንሽ የጎማ ቀለበት ምክንያት ግድግዳ ውስጥ እናፈሰዋለን። እኔ የተማርኩት ኢኮኖሚክስ ነው፤ ቧንቧ ሠራተኛ አይደለሁም። ነገር ግን የቤታችን የቧንቧ ጣጣ ከቴክኒኩ ይልቅ የገበያ ችግር ነው ብዬ አምናለሁ። ጥሩ ሥራ የሚሸለምበት፣ መጥፎ ሥራ የሚጋለጥበት መንገድ የለንም። መንገዱን ማበጀት ደግሞ የምናስበውን ያህል ከባድ አይደለም።

እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ

መጀመሪያ የምናጣውን እንቁጠር። በአንድ ቀን ውስጥ 86,400 ሰከንድ አለ። በየሰከንዱ አንድ ጊዜ ጠብ የሚል ቧንቧ አለን እንበል፤ አንዷ ጠብታም ሩብ ሚሊ ሊትር ትሁን። በቀን 21 ሊትር ተኩል ይሆናል። አንድ ጀሪካን ሞልቶ ይተርፋል ማለት ነው። በወር ከ30 ጀሪካን በላይ! ማንም ሰው 30 ጀሪካን ውሃ ደጁ ላይ ሲደፋ ቢያይ ይጮኻል። ጠብታዋን ግን ለምደናታል፤ እንዲያውም ማታ ማታ ድምጿ ካልተሰማ እንቅልፍ የማይወስደው ሰው ሳይኖር አይቀርም።

ጠብታዋ ቢያንስ ትታያለች። የባሰው የማይታየው ነው። የሽንት ቤት ማጠቢያ ገንዳው ውስጥ ያለው መዝጊያ በትክክል ካልገጠመ ውሃው ድምፅ ሳያሰማ ቀኑን ሙሉ ይንሸራተታል። ማወቅ ከፈለጋችሁ ቀይ ሥር የቀቀላችሁበትን ውሃ ገንዳው ውስጥ ጨምሩና ሳትለቁት ግማሽ ሰዓት ጠብቁ። መቀመጫው ውስጥ ያለው ውሃ ከቀላ መዝጊያው ያፈሳል። መመርመሪያው ይኸው ነው፤ ከምሳችሁ ላይ የተረፈ ውሃ።

ግድግዳና መሬት ውስጥ ላለው ደግሞ ስልካችሁ ይበቃል። ውሃ ባለበት ቀን፣ ማታ ከመተኛታችሁ በፊት ሮቶው መሙላቱን አረጋግጣችሁ የቤቱን ቧንቧ ሁሉ ዝጉና ቆጣሪውን ፎቶ አንሱት። ጠዋት ማንም ውሃ ሳይነካ ድጋሚ አንሱት። ቁጥሩ ከተንቀሳቀሰ ሌሊቱን ውሃ የጠጣ ሌላ «ቤተሰብ» አለ ማለት ነው። ፎቶው ሰዓትና ቀን ስላለው በቢል ጉዳይ ክርክር ቢነሳም ማስረጃ ይሆናችኋል።

ግድግዳ ውስጥ የተቀበረ ሥራ

ታዲያ ይሄ ሁሉ ቀላል ከሆነ ለምን አይጠገንም? «ቧንቧ ሠራተኛ ጠርተን ነበር፤ ባሰበት» የሚል ሰው ሁላችሁም ታውቃላችሁ። እኛ ሰፈር አንዲት እትዬ የምንላቸው እናት አሉ። ዕድሜ ልክ ባጠራቀሙት ገንዘብ ባለ ሦስት ክፍል ብሎኬት ቤት ሠሩ፤ ሻወሩ በውስጥ እንዲሆን የልጆቻቸው ምኞት ነበር። ዓመት ሳይሞላ የሻወር ቤቱ ግድግዳ ረጠበ። የመጀመሪያው ሰው ሴራሚኩን አንስቶ አንድ መገጣጠሚያ ቀየረ። ከሁለት ወር በኋላ ከጎኑ ረጠበ። ሁለተኛው መጣና «ይሄን የሠራው ሰው ሙያ የለውም» ብሎ ሌላ ቦታ ቆፈረ። ሦስተኛውም ስለ ሁለተኛው ያንኑ ተናገረ። ሦስቱም ተከፍሏቸው ሄዱ። ዛሬ ያ ሻወር ቤት የሽንኩርትና የድንች ማስቀመጫ ነው፤ ውሃ የሚቀዳው ደጅ ካለችው አንዲት ቧንቧ ነው።

ይህን ታሪክ «ሌባ ቧንቧ ሠራተኛ» ብሎ መዝጋት ይቻላል። እኔ ግን አልዘጋውም። ምክንያቱም ሐቀኛና ጎበዝ የሆነው ሠራተኛ የት ሄደ የሚለው ጥያቄ ሳይመለስ ይቀራል።

እ.ኤ.አ. በ1970 ጆርጅ አከርሎፍ የሚባል አሜሪካዊ ኢኮኖሚስት ስለ ያገለገሉ መኪኖች ገበያ አንድ ጽሑፍ አሳተመ። ሐሳቡ አጭር ነው። ሻጩ የመኪናውን ጤና ያውቃል፣ ገዢው አያውቅም። ገዢው ጥሩውን ከመጥፎው መለየት ስለማይችል ለሁሉም መካከለኛ ዋጋ ያቀርባል። በዚያ ዋጋ ጥሩ መኪና ያለው ሰው አይሸጥም፤ ከገበያው ይወጣል። መጨረሻ ላይ ገበያው ውስጥ የሚቀረው ብልሹው ብቻ ነው። አከርሎፍ በዚህ ሥራው እ.ኤ.አ. በ2001 ከማይክል ስፔንስና ከጆሴፍ ስቲግሊትዝ ጋር የኖቤል ሽልማት ተጋርቷል።

አሁን መኪናውን አውጡና በቦታው ቧንቧ አስገቡ። ቁጥሩን ለስሌት እንዲመቸኝ ነው የምወስደው፤ አንድን ሻወር ቤት በደንብ ለመሥራት 10,000 ብር፣ በጥድፊያ ለመሥራት ደግሞ 6,000 ብር ይፈጃል እንበል። ሁለቱም ሲያልቁ አንድ ዓይነት ናቸው፤ በልስንና በሴራሚክ ተሸፍነዋል፣ የመጀመሪያው ቀን ሁለቱም ውሃ ያመጣሉ። ልዩነቱ የሚታወቀው ከወራት በኋላ ነው። ባለቤቱ መለየት ስለማይችል «8,000 እከፍላለሁ» ይላል። በጥድፊያ የሚሠራው ሁለት ሺህ አተረፈ። በደንብ የሚሠራው ሁለት ሺህ ከሰረ። ታዲያ ጎበዙ ምን ይሁን? ወይ ወደ ትልልቅ ፕሮጀክት ይሄዳል፣ ወይ አዲስ አበባ ይገባል፣ ወይ ባጃጅ ይገዛል። ወይም ደግሞ እሱም መጣደፍ ይለምዳል። እኛም «በዚህ ከተማ ቧንቧ ሠራተኛ የለም» እያልን እንቀራለን። ያባረርነው እኮ እኛው ነን፤ በክርክር።

አምስት ሰከንድ

ጥድፊያ ምን እንደሚያበላሽ አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ። አሁን ብዙ ሰው ቤት ሲሠራ የሚያስገባው ፒፒአር የሚባለውን ፕላስቲክ ቱቦ ነው። አይዝግም፣ በደንብ ከተገጠመ ዕድሜው ረጅም ነው። የሚገጣጠመው በሙቀት ነው፤ ወደ 260 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚግል ማሽን ቱቦውንና መገጣጠሚያውን አቅልጦ ማጣበቅ። ባለ 20 ሚሊ ሜትሩ ቱቦ 5 ሰከንድ ያህል፣ ባለ 25ቱ ደግሞ 7 ሰከንድ ያህል ይሞቃል። ከዚያ ካነሰ አይያያዝም፤ ቆይቶ ያፈሳል። ከዚያ ከበዛ የቀለጠው ፕላስቲክ ወደ ውስጥ ገብቶ የውሃውን መንገድ ያጠብባል፤ «ሻወሩ ለምን ደከመ?» የምንለው ይሄኔ ነው። ማሽኑ ሳይግል መብራት ሄዶበት በጥድፊያ የሚያያይዝ ሰው ስንት መገጣጠሚያ እንዳበላሸ እሱም አያውቅም። አምስት ሰከንድ የጎደለው ብየዳ ከተለሰነ በኋላ ለማግኘት ግድግዳ መፍረስ አለበት።

ጎበዝ ሠራተኛ ይህንን ስለሚያውቅ ግድግዳው ከመዘጋቱ በፊት መስመሩን ይፈትሻል። ጫፎቹን ሁሉ ዘግቶ፣ በውሃ ሞልቶ፣ ግፊት መለኪያ ባለው የእጅ ፓምፕ ከተለመደው ግፊት አንድ ተኩል እጥፍ ድረስ ይገፋና ጠቋሚው ይውረድ አይውረድ ያያል። ከወረደ የሚያፈስ ቦታ አለ፤ ገና ልስን ስላልተደረገ በደቂቃዎች ይገኛል። ይህ ፍተሻ ለመጥፎ ሥራ መደበቂያ አይተውም። ለዚህም ነው ገበያውን ሊቀይር የሚችለው፤ ገዢው የማያውቀውን እንዲያውቅ ያደርጋል።

ሌላም ሰው ሳያጋልጠው ራሱን የሚያጋልጥ ስህተት አለ። በእኛ ፀሐይ ጣራ ላይ ራቁቱን የተዘረጋ ፒፒአር በጊዜ ብዛት ይሰነጠቃል፤ ይህ ፕላስቲክ የፀሐይ ጨረር አይወድም፣ መሸፈን አለበት። የሮቶ ማማውም እንደዚሁ ነው። አሥር ሜትር ከፍታ የሚሰጠው አንድ ባር ግፊት ነው፤ ስለዚህ ሮቶው ከሻወሩ በላይ ሦስት ሜትር ብቻ ካለ የምናገኘው 0.3 ባር ነው። በዚያ ላይ ብዙ ግፊት የሚፈልግ ውድ የሻወር ማሞቂያ ገዝቶ «ዕቃው ፎርጂድ ነው» ማለት ዕቃውን ማማት ነው። ጎበዝ ባለሙያ ከመግዛታችን በፊት ይነግረን ነበር፤ ግን ለምክር የምንከፍለው ስለሌለን ምክር አይሸጥልንም።

«ውሃ በማይመጣበት ቤት ምን ጥገና?»

ይህን ጥያቄ የሚያነሳ ሰው አለ፤ እውነቱን ነው። በፈረቃ ለሚመጣ ውሃ ማን ቧንቧ ይፈትሻል? መልሴ ግን የተገላቢጦሽ ነው፤ መስመሩ ጤነኛ መሆን ያለበት ይበልጥ ውሃ በፈረቃ ሲመጣ ነው።

ውሃ ሁሌም ባለበት ቤት ግፊቱ ከውስጥ ወደ ውጭ ስለሆነ በቀዳዳው የሚወጣው ንጹሕ ውሃ ነው። ውሃ ሲሄድ ግን ቧንቧው ባዶ ይሆናል፤ አንዳንዴም ወደ ኋላ ይስባል። ያቺ ንጹሕ ውሃ ስታፈስ የነበረች ቀዳዳ በዙሪያዋ ያለውን ጭቃና ፍሳሽ ታስገባለች። በክረምት፣ ቀዩ አፈራችን ውሃ ጠጥቶ ቦዩ ሁሉ ሞልቶ ሳለ፣ በቦይ ውስጥ ወይም በሽንት ቤት ጉድጓድ አጠገብ ያለፈ የሚያፈስ ቱቦ ምን ሊስብ እንደሚችል ማሰብ ነው። ከነሐሴ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ በኮሌራ ስንት የአገራችን አካባቢዎች እንደተቸገሩ አንረሳም። ስለዚህ ከፈረቃ በኋላ መጀመሪያ የሚመጣውን ውሃ ለሽንት ቤት ወይም ለአትክልት አድርጉት፤ ለመጠጥ የሚሆነውን አፍሉት ወይም ውሃ አጋር ጨምሩበት። ቀዳዳውን መድፈን ግን ዋናው መፍትሔ ነው።

የእኛን እንሥራ ስል የውሃ አገልግሎቱ የራሱን ይተው ማለቴ እንዳይደለ ይታወቅልኝ። የሚቆራረጠው ውሃ የእነሱ ዕዳ ነው። ግን የተቆራረጠውን ውሃ ያለ ብክነትና ያለ ብክለት ቤት ማድረስ የእኛ ነው፤ ሁለቱ አይጣሉም።

«ገንዘቡስ?» የሚለው ሁለተኛው ጥያቄ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ከ60 ብር በታች የነበረው ዶላር ከመቶ ብር አልፎ ሄዷል። ከውጭ የሚመጣ ቧንቧ፣ ቫልቭ፣ የሻወር ዕቃ ሁሉ ይህን ተሸክሞ ይመጣል። በዚያ ላይ አሶሳ ከአዲስ አበባ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች፤ በወለጋ በኩል ያለው መንገድ በጸጥታ ምክንያት ሲስተጓጎል ዕቃው ምን ያህል እንደሚወደድ የኖርነው ነው። ይሄ ሁሉ ግን ለጥገና የሚከራከር ነው። ዕቃ ውድ በሆነበት ከተማ ጎማዋን መቀየር ሙሉ ቧንቧውን ከመቀየር ይሻላል፤ መገጣጠሚያውን መፈተሽ ሴራሚኩን ከመስበር ይሻላል። አባቶቻችን ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት ለዚህ ነው።

እና ምን እናድርግ?

ሦስት ነገር። አንደኛ፣ ፍተሻ ሳይደረግ ልስን የለም። ይህን ሥራው ከመጀመሩ በፊት ንገሩት፣ ዋጋው ውስጥም አስገቡለት። የፍተሻውን ጊዜ በነፃ መጠየቅ ጎበዙን መልሶ ማባረር ነው። መለኪያ ያለው ፓምፕ ከሌለው ተከራይቶ ወይም ተውሶ ያምጣ፤ ሁሉም ደንበኛ መጠየቅ ሲጀምር ይገዛዋል።

ሁለተኛ፣ ግድግዳው ሳይዘጋ ፎቶ አንሱ። ቱቦዎቹ በየት በየት እንዳለፉ፣ ሜትር አጠገባቸው ዘርግታችሁ፣ ከወለልና ከማዕዘን ያላቸው ርቀት እንዲታይ አድርጋችሁ። ፎቶዎቹን ለራሳችሁም ለሠራተኛውም ላኩ፣ ኢሜይላችሁ ላይም አስቀምጡ፤ ስልክ ይጠፋል። ከአምስት ዓመት በኋላ የሚመጣው ጠጋኝ በግምት አይቆፍርም። እትዬ ያ ፎቶ ቢኖራቸው ሁለተኛውና ሦስተኛው ሰው የት እንደሚነኩ ያውቁ ነበር።

ሦስተኛ፣ ከክፍያው ትንሽ አስቀሩ፤ ግን በስምምነት። በትልልቅ የግንባታ ውሎች ሥራው ካለቀ በኋላም የተወሰነ ክፍያ ለዋስትና ተይዞ ይቆያል። እኛም ከአሥር አንዱን እጅ፣ ቀኑን ቆርጠን፣ በወረቀት ጽፈን ለሦስት ወር ማቆየት እንችላለን። ወረቀቱ ላይ ምን እንደተሠራ፣ በምን ዕቃ፣ ቢበላሽ ማን እንደሚያስተካክል ይጻፍ። ቀኑ ሲደርስ ደግሞ ሳያስለምኑ መክፈል ነው። ዋስትናን መክፈያ ማምለጫ የሚያደርግ ባለቤት ከተጣደፈው ሠራተኛ አይሻልም።

ይህ በአንድ ቤት ብቻ ሲሆን ትንሽ ነገር ነው። ሰፈሩ ሲለምደው ግን ዋጋው ይለያያል፤ ፈትሾ የሚያስረክበው 10,000 ብሩን ያገኛል፣ የሚጣደፈው ደግሞ ስምንቱን ማግኘት ያቅተዋል። ከአከርሎፍ ጋር የተሸለመው ስፔንስ ስለ ምልክት ነው የጻፈው፤ ጎበዙ ከሌላው የሚለይበት፣ ሰነፉ በቀላሉ ሊያስመስለው የማይችለው ምልክት። በእኛ አገር ለዚህ የብቃት ማረጋገጫ ፈተና አለ፣ ሲኦሲ የምንለው። ነገር ግን የቤት ባለቤት ማን ወረቀቱ እንዳለው የሚያይበት ቦታ የለውም። የውሃ አገልግሎቱ መስኮት ላይ፣ ቢል በምንከፍልበት ቦታ፣ የተመዘኑ ባለሙያዎች ዝርዝር ቢለጠፍ ስንት ብር ይፈጃል? አንድ ወረቀትና ጥቂት ስኮች።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ፤ ሥራ ፈልጋችሁ ስልክ ላይ ወደምትውሉት ጓደኞቼ። እዚህ ውስጥ ሥራ አለ። የተሠራውን ሥራ ከልስን በፊትና በኋላ፣ የግፊት መለኪያው ሲቆም በቪዲዮ የሚያሳይ የቧንቧ ባለሙያ ቲክቶክ ላይ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እንዲህ ያለ ሰው ማስታወቂያ አያስፈልገውም። በዓመት ሁለቴ፣ ከክረምት በፊትና ከክረምት በኋላ፣ በቋሚ ክፍያ ቤት ለቤት ዞሮ ቫልቩን፣ ሲፎኑን፣ የሮቶውን ተንሳፋፊ ኳስ፣ የሽንት ቤቱን መዝጊያ የሚያይ ሰው ቢኖር እኔ የመጀመሪያው ደንበኛ ነኝ።

ዝናቡም ሌላ ገበያ ነው። 60 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ጣራ ላይ 1,000 ሚሊ ሜትር ሲዘንብ 60,000 ሊትር ነው፤ አንድ አምስተኛው ባክኖ እንኳ 48,000 ሊትር ይቀራል፤ 2,400 ጀሪካን። ባለ 2,000 ሊትር ሮቶ በ42 ሚሊ ሜትር ዝናብ ይሞላል። ለልብስ፣ ለወለልና ለሽንት ቤት የሚሆነውን ውሃ ከሰማይ እየወረደልን ወደ ቦይ የምንለቀው አሸንዳ በትክክል የሚገጥምልን ሰው ስላጣን ነው። ዲግሪ ይዤ እንዴት ቧንቧ እይዛለሁ የሚል ካለ፣ እኔም ዲግሪ አለኝ፤ ያፈሰሰ ቧንቧ ግን አልደፈነልኝም።

የክልሉን ውሃ ማከፋፈል የእኛ ሥልጣን አይደለም። ከቆጣሪው ወዲህ ያለችው ጥቂት ሜትር ግን የእኛ ናት፤ ማንንም ሳናስፈቅድ ነገ ልናስተካክላት እንችላለን። ዛሬ ማታ ውሃ ካለ ከመተኛታችሁ በፊት ቆጣሪውን ፎቶ አንሱት። ጠዋት ቁጥሩ ከተንቀሳቀሰ ባለሙያ ጥሩ። ሲመጣ ግን «ስንት ታስከፍላለህ?» ከማለታችሁ በፊት «እንዴት ትፈትሸዋለህ?» በሉት። መልሱ ማን ቤት እንደመጣ ይነግራችኋል።